የስህተቱ መስመር ንጹሕ ሆኖ ሲገኝ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሌሊት የሚሠራው ስክሪፕትህ የሕንፃ መሣሪያ ዝርዝር የያዘውን የሲኤስቪ ፋይል (ዓምዶቹ በኮማ የሚለዩበት የጽሑፍ ፋይል) ወደ ፖስትግሬስ የመረጃ ቋት ሲያስገባ መስመር 18,412 ላይ «ከመጨረሻው ዓምድ በኋላ ትርፍ መረጃ አለ» ብሎ ይቆማል፤ መስመሩን ስታየው ግን ዘጠኙም ዓምዶች በቦታቸው ናቸው። ኮማውን ሁሉ በሴሚኮለን ብትተካም ያው ሆነብህ።

መተካቱን ተወው። በዕቃው ስም ውስጥ ያለው ኮማም አብሮ ስለሚቀየር የተለወጠው የችግሩ መልክ ብቻ ነው። እኔ የምጠረጥረው ድርብ ጥቅሱን ነው። ለአንድ አስመጪ ተመሳሳይ ሥራ ስሠራ የመጋዘኑ ሰው ባለ ሁለት ኢንች ቧንቧን 2" ብሎ ይመዘግብ ነበር። ፖስትግሬስ በሲኤስቪ አሠራር ያንን ምልክት ሲያይ ጥቅስ ተከፈተ ብሎ ያምናል፤ ሌላ ጥቅስ እስኪያገኝ ድረስ ኮማውንም የመስመር መጨረሻውንም እንደ ተራ ጽሑፍ ይውጠዋል። የሚነግርህ የመስመር ቁጥር የተዋጠው ረድፍ ያለቀበትን ነው። ስለዚህ ከ18,412 ወደ ላይ እየወጣህ፣ በመስመሩ ውስጥ የጥቅሱ ብዛት ጎዶሎ የሆነበትን ፈልግ። በሊኑክስ ኦክ የተባለው መሣሪያ ይህን በአንድ ትእዛዝ ይቆጥርልሃል።

አንተ እንኳ ዕድለኛ ነህ፣ ስህተቱ ጮኾልሃል። የእኔ ዝም ብሎ ነበር ያለፈው። ጥቅሱን የከፈተውና የዘጋው የኢንች ምልክቶች፣ ሁለቱም በአንድ ዓምድ ውስጥ ከዋሉ የዓምዱ ቁጥር በትክክል ይገጥማል፤ በመካከላቸው ያሉት ረድፎች ሁሉ በአንድ የዕቃ ስም ውስጥ ተቀብረው ይገባሉ። እኔ ያወቅሁት ቆጠራ ሲደረግ የዕቃ ጉድለት ታይቶ፣ የመጋዘኑ ሰው ያለ ጥፋቱ ከተወቀሰ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ የፋይሉ የመስመር ብዛትና የገቡት ረድፎች ብዛት ካልተመጣጠኑ ስክሪፕቴ ሥራውን ይሰርዛል።

መፍትሔው ፋይሉን በሚያወጣው ፕሮግራም በኩል ነው፦ ኮማ ወይም ጥቅስ ያለበት ጽሑፍ በጥቅስ ይከበብ፣ በውስጡ ያለው ጥቅስም ይደገም። እሱን መቀየር ካልቻልክ፣ በፋይሉ ውስጥ ጥቅስ ለመክበቢያ ጨርሶ የማያገለግል ከሆነ፣ ፋይሉን በሚያስገባው የኮፒ (COPY) ትእዛዝህ ላይ የጥቅስ ምልክቱን ፋይሉ ውስጥ በሌለ ምልክት ተካው።

ከሲኤስቪ ወደ ተራው የጽሑፍ አሠራር እሸሻለሁ ካልክ ደግሞ ባክስላሽን (የ \ ምልክትን) ተጠንቀቅ። እኛ አገር እዝባሩን አዙሮ «ገ\ማርያም» ብሎ የሚጽፍ ሞልቷል፤ ሲገባ «ገማርያም» ይሆናል። ዓምዱ በባክስላሽ ካለቀ ደግሞ ቀጥሎ ያለው የዓምድ መለያ ምልክት እንደ ጽሑፍ ይቆጠርና አንድ ዓምድ ይጎድልብሃል።

መለያው ማንም የማይጽፈው ምልክት ይሁን ብዬ አንድ ጊዜ ፨ን ሞክሬ ነበር። ፖስትግሬስ ባለ አንድ ባይት ምልክት ብቻ ስለሚቀበል አልፈቀደልኝም፤ ፨ ዩቲኤፍ 8 በተባለው የፊደል ኮድ ሦስት ባይት ነው። አሁን በቋሚ መስመሩ፣ በ | ነው የምሠራው።

ጎዶሎ ጥቅስ ካላገኘህ ከመስመር 18,000 እስከ 18,412 ያለውን ዋጋውን አጥፍተህ ለጥፈው፣ አየዋለሁ።