አረጋውያንን መንከባከብ እንጀራ ይሆነኛል?

ጥያቄ፦ «የምኖረው ጎንደር ነው። በነርሲንግ ዲግሪ ተመርቄ የሙያ ፈቃድ ካወጣሁ 8 ወር ሆነኝ፤ ሥራ የለኝም። ውጭ አገር አረጋውያን ስለበዙ ተንከባካቢ ይፈለጋል ይባላል። ጀርመንኛ ተምሬ ልሂድ ወይስ እዚሁ ልሞክር?»

እህቴ፣ የሰማሽው እውነት ነው። ጃፓን ውስጥ ከ10 ሰው ወደ 3 የሚጠጋው 65 ዓመት ያለፈው ነው፤ ለዚህም ከዕድሜ መርዘም ይልቅ የሚወለደው ሕፃን ማነሱ ይበልጥ ምክንያት ሆኗል። የእኛ ድርሻ ገና ከመቶ 4 አይሞላም፤ ግን መቶኛው አያታልሽ። ከ120 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ባለበት አገር፣ ከመቶ 3 እንኳ ብንይዝ ከ3 ሚሊዮን ተኩል በላይ ሽማግሌና አሮጊት ነው። በ2008 የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት አንዲት የከተማ ሴት በአማካይ 2.3 ልጅ እንደምትወልድ ታይቷል። ድሮ 6 እና 7 ልጅ ተጋግዞ የሚጦራቸው እናት ነገ 2 ልጅ ብቻ ይኖራቸዋል፤ አንዱም አዲስ አበባ ወይም ባሕር ማዶ ይሆናል። ያ ልጅ ብር ይልካል እንጂ እናቱን አያገላብጥም።

ስለዚህ ሁለቱን አታለያዪ፤ ቋንቋውን እየተማርሽ እዚሁ ጀምሪ። ጀርመን ለነርስነት ዕውቅና አብዛኛውን ጊዜ ቢ 2 የሚባለውን (ከስድስቱ የቋንቋ ደረጃዎች አራተኛውን) ትጠይቃለች፤ ከዜሮ ለሚጀምር በርትቶ ከተማሩም አንድ ዓመት ገደማ ይፈጃል። በኤጀንሲ የምትሄጂ ከሆነ፣ በውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ 923/2008 የቪዛና የጉዞ ወጪ የአሠሪው ነው። ይህን ወጪ አንቺ ሸፍኚ ለሚል ሰው ሳንቲም እንዳትሰጪ።

እዚህ ቶሎ ሥራ የምታገኚው በስትሮክ አልጋ ላይ የዋሉ ሰዎች ቤት ነው። ቤተሰቡ ይወዳቸዋል፣ ያጥባቸዋል፣ ግን አያያዙን ስለማያውቅ በጥቂት ቀን ውስጥ ወገባቸው ሥር ይቆስላል። ቢያንስ በየ2 ሰዓቱ አገላብጪ። ሙሉ በሙሉ በጎን ማስተኛት ዳሌውን ይጎዳል፤ ከጀርባ ትራስ ደግፈሽ ወደ 30 ዲግሪ ብቻ አዘንብዪ። ተረከዙ ፍራሹን እንዳይነካ ትራሱ ከባት ሥር ይግባ። ወደ ላይ ስትስቢ አትጎትቺ፤ ሁለት ሆናችሁ በአንሶላው አንሡ። ብዙ ቤት ጨርቅ ጠቅልለው እንደ ቀለበት ከሥር ያደርጋሉ፤ ያ ዙሪያውን ተጭኖ ደም ስለሚያግድ አስወግጂው። መጽሐፉ «መቅላት» የሚልሽ ለነጭ ቆዳ ነው። በእኛ ቆዳ ላይ መጥቆሩን አስተውዪ፤ በእጅሽ ደግሞ ሙቀቱንና መጠጠሩን ዳሺ።

መራመድ ለሚችሉት ደግሞ የደም ግፊት ተኝተው፣ ከዚያም ቆመው በ1ኛውና በ3ኛው ደቂቃ ለኪ። የላይኛው ቁጥር በ20 ወይም ከዚያ በላይ ከወረደ ሌሊት ለሽንት ሲነሡ ሊወድቁ ይችላሉ፤ ለሐኪማቸው ንገሪ። በዐቢይ ጾም የስኳር መድኃኒት የሚወስዱ ካሉ ጾሙ ከመግባቱ በፊት ከሐኪም ጋር ሰዓቱን አስተካክዪ። ከነፍስ አባታቸው ጋርም ቢነጋገሩ መልካም ነው፤ ብዙ እናቶች ያለ እርሳቸው ቃል እሺ አይሉም።

የማንሣትና የማስቀመጥ ዘዴ ይጎድልሽ ይሆናል። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የፊዚዮቴራፒ ትምህርት ክፍል ስላለው፣ ባለሙያዎቹ ሲሠሩ ለማየት ጠይቂ።

ከቤተሰብ ጋር ስትዋዋዪ በወረቀት ይሁን፦ ስንት ሰዓት፣ ሌሊቱን ማን እንደሚያገላብጥ፣ የልብስ አጠባና ምግብ የማን እንደሆነ። ይህ ካልተጻፈ በ2 ወር ውስጥ የቤት ሠራተኛ ትሆኛለሽ። መርፌና የሽንት ቱቦ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አትንኪ። ያገላበጥሽበትን ሰዓትና የቆዳውን ሁኔታ በደብተር መዝግቢ፤ ባሕር ማዶ ያለው ልጅ በየሳምንቱ ፎቶ አንሥተሽ ብትልኪለት የሚከፍልበትን ሥራ ያያል።