ርካሹ ጥቅል ለማን ይረክሳል?

ጥያቄው የደረሰኝ ከአንዲት የቡና ነጋዴ ነው። ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «ከዘጌ ቡና እየሰበሰብኩ ባሕር ዳር ገበያ አቀርባለሁ። ለስልክ በወር እስከ 620 ብር አወጣለሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ የምገዛው የቀን ጥቅል ነው። ጎረቤቴ በ07 የሚጀምር ሲም አውጥታ ወሩን በ400 ብር ትጨርሳለች፤ ‹አንቺስ ምን ይዞሽ ነው› እያለች ትወተውተኛለች። ልጄ ጎንደር ስለምትማር ማታ ማታ በምስል እየተያየን እናወራለን። ቀፎዬ ባለ ሁለት ሲም ነው፤ ከሁለቱ ቦታ በአንዱ ላይ ግን ሚሞሪ ገብቶበታል። የድሮው ሲም የወጣው በወንድሜ ስም ነው። ልቀይር ወይስ ይቅርብኝ?»

እህቴ፣ ደብዳቤዎን ሳነብ ቀልቤን የወሰደችው መጨረሻ ላይ እግረ መንገድዎን የጣሏት ነገር ናት፦ ሲሙ በወንድምዎ ስም ነው። ወደ እርሷ እመለሳለሁ። እስከዚያው ግን የትኛውንም ሲም እንዳይጥሉ።

በመጀመሪያ ስለ ገንዘቡ። ጎረቤትዎ ወሩን በ400 ብር መጨረሷን አልጠራጠርም። ግን የምትደውለው ለማን ነው? በ09 የሚጀምረው የኢትዮ ቴሌኮም፣ በ07 የሚጀምረው የሳፋሪኮም ቁጥር ነው። ሳፋሪኮም በአዲስ አበባ አገልግሎቱን በይፋ ከጀመረበት ከመስከረም 2015 ዓ.ም. ወዲህ ደንበኛው ምርጫ አገኘ፤ ከአንዱ ወደ ሌላው መደወልም ይቻላል። ይሁንና በጥቅል ማስታወቂያ ላይ በትልቁ የሚጻፈው የደቂቃ ብዛት ብዙ ጊዜ በዚያው ኔትወርክ ውስጥ ለሚደረግ ጥሪ ነው። ወደ ሌላው ኔትወርክ የሚያስደውለው ደቂቃ ለብቻው ይቆጠራል፤ ያንሳል፣ አንዳንዴም ጭራሽ የለም። የጎረቤትዎ ቤተሰቦች 07 ይዘው ከሆነ ርካሽነቱ ለእርሷ እውነት ነው። የእርስዎ ቡና አቅራቢዎች ግን የዘጌ ገበሬዎች ናቸው፤ በስልክዎ ውስጥ ከመዘገቧቸው ስሞች ስንቶቹ በ07 ይጀምራሉ? አሁኑኑ ከፍተው ይዩ። ከአሥሩ ሁለቱ ብቻ ከሆኑ የጎረቤትዎ ሒሳብ ለእርስዎ አይሠራም።

ስሙን ብቻ ሳይሆን ደቂቃውንም ይቁጠሩ። ለአንድ ሳምንት፣ የገበያ ቀኖችዎ ሳይቀሩ፣ ማታ ማታ የጥሪ መዝገቡን ከፍተው በደብተር ይጻፉ፦ እርስዎ የደወሉት ስንት ደቂቃ ነው፣ ወደ 09 ስንት፣ ወደ 07 ስንት። የተደወለልዎትን አይቁጠሩት፤ እርሱ የሌላው ሰው ሒሳብ ነው።

ይህን ካደረጉ በኋላ አንድ የሚያስገርም ነገር ያገኛሉ ብዬ እጠብቃለሁ። የጥቅል ዋጋ የሚለካው በተሰጠው ደቂቃ ሳይሆን በተጠቀሙበት ደቂቃ ነው። ለምሳሌ አንድ ጥቅል በ100 ብር 200 ደቂቃ ይሰጣል እንበል፤ በወረቀት ላይ ደቂቃው 50 ሳንቲም ነው። ጊዜው ሲያልቅ የተናገሩት 80 ደቂቃ ብቻ ከሆነ ግን አንዱን ደቂቃ የገዙት በ1 ብር ከ25 ሳንቲም ነው። የቀን ጥቅል የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። እርስዎ ቅዳሜ ጉሮሮዎ እስኪነቃ ይደውላሉ፤ ረቡዕ ቤተ ክርስቲያን ውለው ስልኩን አይነኩትም፤ ጥቅሉ ግን ሁለቱንም ቀን እኩል ያስከፍልዎታል። ሌላም ቀዳዳ አለ፦ ጥቅሉ ሲያልቅ ብዙ ጊዜ ጥሪው አይቋረጥም፤ በመደበኛው ታሪፍ ከዋናው ሒሳብ እየቀነሰ ይቀጥላል። ዳታም እንዲሁ ነው፤ ልጅዎ እየሳቀች ሳለ ሒሳቡ ይፈሳል። በ*804# ቀሪ ሒሳብዎን ከጥሪው በፊትና በኋላ ቢያዩት የት እንደሚሄድ ይገባዎታል። ስለዚህ ሲም ከመቀየርዎ በፊት በያዙት ሲም ላይ በ*999# ገብተው የሳምንቱንና የወሩን ጥቅል ከቆጠሩት ደቂቃ ጋር ያመዛዝኑ። ከ620 ብሩ አንድ ክፍል ኔትወርክ ሳይለውጡ ሊተርፍ ይችላል።

ዳታውን በተመለከተ የምስል ጥሪ ከድምፅ ጥሪ ብዙ እጥፍ ይበላል። በግምት አልነግርዎትም፤ በስልክዎ ቅንብሮች ውስጥ «የዳታ አጠቃቀም» የሚለውን ከግማሽ ሰዓት ወሬ በፊትና በኋላ ይዩት፣ ልዩነቱን በወሩ ምሽቶች ያባዙት። በተጨማሪም ቴሌግራም ፎቶና ቪዲዮ በራሱ እንዳያወርድ ይዝጉት። የዘመድ የሠርግ ቪዲዮ የስንቱን ጥቅል እንደበላ እኔ ነኝ የማውቀው።

አሁን ወደ ዘጌ እንሻገር፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚያ ነው። ከባሕር ዳር ወደብ ጀልባ ላይ ወጥተው ወደ ዘጌ ሲጓዙ ስልክዎ ላይ ያሉት የኔትወርክ መስመሮች ሙሉ ሆነው ሊያገኟቸው ይችላሉ። ጣና ሜዳ ነው፤ ሕንፃ የለም፣ ጋራ የለም፣ ሞገዱ ከማማው እስከ ጀልባው የሚጋርደው የለም። ወርደው ወደ ቡናው ሲገቡ ነገሩ ይለወጣል። የዘጌ ቡና የሚያድገው በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ነው፤ ውኃ ያዘለ ቅጠል ደግሞ ሞገድ ይውጣል፣ በክረምት ይብሳል። ሐይቁ ላይ የሠራ ሲም ቡናው ሥር ይሠራል ብሎ መደምደም አይቻልም። ይህ ለ09ም ለ07ም እኩል ይሠራል፤ የሚለያዩት ማማቸው የቆመበት ቦታ ነው።

መስመሮቹን አትመኑ ስል ሰው ይስቅብኛል። በቀፎው ቅንብሮች ውስጥ «ስለ ስልኩ» ከሚለው ሥር የሲሙን ሁኔታ ቢከፍቱ የምልክቱን ጥንካሬ በዲቢኤም ያሳያል፤ ቁጥሩ ከዜሮ በታች ነው። በ4ጂ ከ−90 የማያንስ ከሆነ ጥሩ ነው፣ −110 አካባቢ ደካማ ነው፣ −120 ከደረሰ ተስፋ ይቁረጡ። ትንሽ የሚመስለው ልዩነት ትንሽ አይደለም፦ በየ10 ነጥቡ ኃይሉ በ10 እጥፍ ይቀንሳል፤ በ−85 እና በ−115 መካከል ያለው ልዩነት 1,000 እጥፍ ነው።

ሌላም አለ። «እሰማሃለሁ፣ አንተ ግን አትሰማኝም» የሚባል ጥሪ ያጋጥምዎታል? ማማው የሚያስተላልፈው በአሥሮች በሚቆጠር ዋት ነው፤ ቀፎዎ በ4ጂ የሚያስተላልፈው ቢበዛ በአንድ ዋት አንድ አምስተኛ ገደማ ነው። ስለዚህ ስልክዎ ማማውን እየሰማ ማማው ስልክዎን የማይሰማበት ቦታ አለ። መስመሮቹ የሚነግሩዎት እርስዎ የሚሰሙትን ብቻ ነው። ለዚህ መድኃኒቱ መደወል ነው። ሲም ሳይገዙ፣ ጎረቤትዎን አንድ ቀን ከነስልኳ ይዘዋት ይሂዱ፤ ኡራ ኪዳነ ምሕረትን ትሳለም፣ በዚያውም ወደቡ ላይ፣ ቡናው ሥርና ቡናውን በሚረከቡበት ቤት ደጃፍ ሆና ትደውል። ሦስቱም ቦታ ላይ በሚገባ ከተሰማማችሁ 07 ለእርስዎ ሥራ ብቁ ነው። ቡናው ሥር ከጠፋ ለድምፅ አይሆንዎትም፤ ለማታው የልጅዎ ወሬ ግን፣ እርሱ የሚካሄደው ባሕር ዳር ቤትዎ ውስጥ ስለሆነ፣ አሁንም ሊጠቅም ይችላል።

እነሆ የወንድምዎ ጉዳይ። አንድ ጀልባ ነጂ ደንበኛዬ ርካሽ ጥቅል ብሎ አዲስ ሲም አወጣና የድሮውን ለልጁ መጫወቻ ሰጠው። ከወራት በኋላ ባንክ ሒሳቡ ውስጥ በስልክ መግባት አቃተው፤ የማረጋገጫው ቁጥር የሚላከው ወደ ድሮው ስልክ ነው። የድሮው ሲም የወጣው በሟች አባቱ ስም ስለነበር ምትክ ማውጣት ረጅም ጣጣ ሆነበት። የእርስዎ ገበሬዎች ክፍያ የሚቀበሉት በቴሌብር ከሆነ፣ ባንክዎም በዚያው 09 ላይ ከተመዘገበ፣ ያ ሲም የገንዘብ ቦርሳዎ ነው፤ በሕግ ግን የወንድምዎ ነው። ቢጠፋ ምትክ የሚሰጠው መታወቂያው ከተመዘገበው ስም ጋር ለሚገጥም ሰው ነው። በጠባችሁ ቀንስ? አትጣሉ እንጂ ይታሰብበት። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራዎ ከወንድምዎ ጋር፣ ሁለታችሁም መታወቂያ ይዛችሁ፣ ወደ አገልግሎት ማዕከል ሄዶ ሲሙን ወደ ራስዎ ስም ማዛወር ነው። የፋይዳ መታወቂያ ካላወጡ ከዚያ በፊት ያውጡ። ይህ ሳይፈጸም ስለ ጥቅል ማሰብ ጣራው እያፈሰሰ መጋረጃ መምረጥ ነው።

አዲሱ 07 በምንም መንገድ የድሮውን ቁጥር ቦታ እንዲወስድ አያድርጉት። ደንበኛዎ ሁሉ የሚያውቀው 09ኙን ነው። ለረጅም ጊዜ ያልተጠቀሙበት ሲም ሊዘጋና ቁጥሩ ለሌላ ሰው ሊሰጥ ይችላልና አልፎ አልፎ ሒሳብ ሞልተው ይደውሉበት።

ሁለቱን በአንድ ቀፎ ሲይዙ ልብ የሚሉት ነገር አለ። አብዛኞቹ ባለ ሁለት ሲም ስልኮች በአንድ ጊዜ የሚያነጋግሩት በአንዱ ሲም ብቻ ነው፤ በ07 የድምፅ ጥሪ ላይ ሳሉ በ09 የሚደውል ገዢ «ሊያገኙት አይችሉም» ይባላል፣ ቡናውንም ከሌላ ይገዛል። ስለዚህ በ07 የሚያደርጉት የድምፅ ጥሪ ካለ ገበያ ከተበተነ በኋላ ይሁን። አሮጌ ቀፎዎች ላይ ደግሞ ሁለተኛው ቦታ 2ጂ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ዳታ የሚጠቀሙበት ሲም የሚገባው የመጀመሪያው ቦታ ላይ ነው። ዘጌ ላይ ምልክት የማያገኝ ሲም ካለ ቀፎው ሲፈልገው ባትሪ ይጨርሳልና የጀልባ ቀን ያንን ሲም ከቅንብሮች ውስጥ ያጥፉት።

ውሳኔዬን ከፈለጉ፦ አይቀይሩ፣ ይጨምሩ፤ ለአንድ ወር ብቻ። 09ኙ ለጥሪና ለገንዘብ በሳምንት ጥቅል ይቆይ። 07ቱን ለዳታ ብቻ፣ በአነስተኛው የሳምንት ጥቅል ይሞክሩት። የወር ዳታ በአንዴ አይግዙ፤ በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ለወር ከፍለው የነበሩ ሰዎች ጥቅሉን ሳይነኩት ጊዜው አለፈባቸው። ወሩ ሲያልቅ ሁለቱን ደምረው ከ620 ብሩ ጋር ያወዳድሩ። የተረፈው ከ100 ብር በታች ከሆነ እኔ ብሆን ሁለት ሲም መያዙን አልሸከመውም። ከ200 በላይ ከተረፈ ይቀጥሉበት፤ ጎረቤትዎንም ቡና ይጋብዟት፣ የዘጌውን።

የሚሞሪው ነገር ቀርቷል። የእርስዎ ቀፎ ሁለተኛው ቦታ ሲም ወይም ሚሞሪ እንጂ ሁለቱን አንድ ላይ የማይቀበለው ዓይነት ይመስላል። 07ቱን ከማስገባትዎ በፊት በሚሞሪው ላይ ያሉትን ፎቶዎች ወደ ኮምፒውተር ወይም ወደ ስልኩ ውስጣዊ ማከማቻ ይገልብጡ። ስልኩ ሳይጠፋ ሚሞሪ አይንቀሉ። መክተቻው ውስጥ የማይገባ ትልቅ ሲም ካጋጠመዎትም በመቀስ አይቁረጡት፤ ትክክለኛው መጠን ከሚሸጡበት ይጠይቁ። በመቀስ የተቆረጠ ሲም መክተቻውን ቆልምሞ ስንት ቀፎ እኔ ጋ መጥቷል፤ ያን ጊዜ የሚከፍሉት የጥቅል ሳይሆን የጥገና ነው።