አካታች የሥራ ቦታ፦ ጥያቄና መልስ

መላሽ፦ ከስታዲየም እስከ ካዛንቺስ ባሉ መሥሪያ ቤቶች ለ17 ዓመታት በሰው ሀብት አስተዳደር ሠርቻለሁ። ስትጠይቁ የሆነውን ነገርና የሆነበትን ቀን ግለጹልኝ። በቃል የተነገራችሁን ሁሉ ደግሞ በጽሑፍ ያዙ።

ጠያቂ 1፦ በድርጅታችን አካታች ባህል እንዴት እንፍጠር?

መላሽ፦ ማን ነው የተገለለው? ከምን? እሱን ይንገሩኝና እንቀጥላለን።

ጠያቂ 2 (ፒያሳ)፦ ለደንበኞች አገልግሎት የሥራ መደብ አንድ ዓይነ ስውር ተመራቂ አመልክቶ ነበር። ኃላፊያችን «ፈተናው በወረቀት ስለሆነ አይሆንም» ብለው መለሱት። ሕጉ ይህን ይፈቅዳል?

መላሽ፦ አይፈቅድም። የአካል ጉዳተኞችን የሥራ ስምሪት መብት የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 568/2000 አሠሪው የሥራና የሥልጠና ሁኔታውን እንዲያመቻች፣ እንደ አስፈላጊነቱም ረዳት እንዲመድብ ያስገድዳል። አመልካቹ መድልዎ እንደተፈጸመበት የሚያሳይ ፍሬ ነገር ለፍርድ ቤት ካቀረበ፣ መድልዎ አለመኖሩን የማስረዳት ሸክሙ የአሠሪው ነው፤ ብዙ ኃላፊዎች ይህን ሲሰሙ ይደነግጣሉ። ፈተናውን በኮምፒውተር ማድረግ ደግሞ ከባድ አይደለም፤ ኤንቪዲኤ የተባለው፣ በኮምፒውተር ላይ ያለን ጽሑፍ በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም በነጻ ይገኛል። በአንድ መሥሪያ ቤት የነበረ ዓይነ ስውር ባልደረባችን የደመወዝ ዝርዝሩ በየወሩ በወረቀት ብቻ ስለሚሰጠው፣ ተቆራጩንና የተጣራውን ሌላ ሠራተኛ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነብለት ነበር። ክፍሉ ውስጥ ያለው ሁሉ የሱን ደመወዝ ያውቃል፤ እሱ ግን የማንንም አያውቅም። ዝርዝሩ በኢሜይል እንዲላክለት ለማድረግ የፈጀብን አንድ ከሰዓት በኋላ ብቻ ነው፤ ከዚያ በፊት ግን 3 ዓመት ሙሉ የጠየቀው ሰው አልነበረም። ኃላፊዎ የሰጡትን መልስ በጽሑፍ ይጠይቁ።

ጠያቂ 3፦ ነፍሰ ጡር ነኝ። «ከወለድሽ በኋላ እናሰናብትሻለን» ተብያለሁ።

መላሽ፦ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት፣ ከእርግዝናና ከወሊድ ጋር ባልተያያዘ፣ ሕጉ በለየው ምክንያት ካልሆነ በቀር፣ በእርግዝና ወቅትና ከወሊድ በኋላ ባሉት 4 ወራት ሊያሰናብቱዎ አይችሉም። ፈቃዱም ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ነው። የተባሉትን ከነቀኑ ጽፈው ያስቀምጡ።

ጠያቂ 4፦ በቅጥር ጊዜ ለሴቶች ተጨማሪ ነጥብ መስጠት ችሎታን ዝቅ አያደርግም? ሥራ ለሚገባው ሊሰጥ ይገባል።

ጠያቂ 5፦ ወንድሜ፣ የሚገባውን ማን ለካው? እኔ በገባሁበት ቃለ መጠይቅ «ባልሽ ይፈቅዳል ወይ?» ተብዬ ነበር። እርስዎ እንዲህ ተጠይቀው ያውቃሉ?

ጠያቂ 4፦ እሱ ጥፋት ነው፤ አልክድም። መፍትሔው ግን ነጥብ መጨመር ነው?

ጠያቂ 5፦ ቃለ መጠይቁ እስኪስተካከል ድረስ ስንት ዓመት እንጠብቅ?

መላሽ፦ እዚህ ላይ ላቋርጣችሁ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 35 ሴቶች ከታሪክ የወረሱትን የበታችነትና የልዩነት ጉዳት ለማካካስ የድጋፍ እርምጃ እንዲወሰድ ስለሚፈቅድ መሠረቱ የታወቀ ነው። ጠያቂ 4 ስለ ችሎታ ማንሳትዎ ተገቢ ነው፤ ስለዚህ ለሁሉም አመልካች አንድ ዓይነት ጥያቄዎች አስቀድመው ይጻፉ፣ ነጥቡም እዚያው ወረቀት ላይ ይሰጥ። ስለ ባል የሚጠየቀው ጥያቄ የሚቀረው ያን ጊዜ ነው።

ጠያቂ 6፦ ሠራተኛው የባለቤትነት ስሜት እንዲኖረው ምን እናድርግ?

መላሽ፦ ይህ የጠያቂ 1 ጥያቄ ነው፤ በሌላ ቃል መጣ እንጂ አልተለወጠም። እባካችሁ አንድ ነገር ይዛችሁ ኑ! ለምሳሌ ረቡዕ በሚደረግ የምሳ ስብሰባ የጾም ምግብ አለ? በመንግሥት መሥሪያ ቤት አርብ ከ5፡30 እስከ 7፡30 ለምሳና ለጁምዓ ይለቀቃል፤ እናንተ ዘንድ አርብ በ6፡30 ስብሰባ ይጠራል?

ጠያቂ 7 (ካዛንቺስ)፦ የሕንፃችን ራምፕ፣ ማለትም ዊልቸር የሚወጣበት ተዳፋት፣ በጣም አቀበታማ ነው፤ የአበባ ማሰሮም ተደርድሮበታል። በዊልቸር የምትመጣውን ባልደረባችንን ጠዋት ጠዋት ሁለት ጥበቃዎች ተሸክመው ያስገቧታል፤ እሷም ለመጸዳጃ ሰው ላለማስቸገር ስትል ውሃ መጠጣት ትታለች። አከራዩ ግን ሊሰማን አልቻለም።

መላሽ፦ ይህን ስላነሱ አመሰግናለሁ። የሕንፃ ሕጉ ሕዝብ የሚገለገልበት ሕንፃ ዊልቸር ለሚጠቀሙ ሰዎች የሚመች መግቢያና መጸዳጃ እንዲኖረው ያዛል። ማሰሮዎቹን ዛሬውኑ አስነሱ፤ የማንም ፈቃድ አያስፈልግም። የአካል ጉዳተኞች መጸዳጃው የመወልወያ ማስቀመጫ ሆኖ እንደሆነም ገብተው ይዩ፤ ብዙ ቦታ አይቻለሁ። ለአከራዩ በጽሑፍ አመልክቱ። የኪራይ ውላችሁ መቼ ይታደሳል?

ጠያቂ 7፦ በሐምሌ።

መላሽ፦ እንግዲያውስ ደብዳቤው በዚህ ሳምንት ይውጣ፣ የራምፑም ማስተካከያ በአዲሱ ውል ውስጥ ይግባ። ከመላኩ በፊት ግን ረቂቁን ለባልደረባችሁ አሳዩአት፤ በየትኛው በር መግባት እንደሚቀላት የምታውቀው እሷ ናት።