ጥያቄና መልስ፦ መጠይቅ እንበትን ወይስ ሰው እናነጋግር?

የመመረቂያ ጽሑፍ ሰሞን ነውና የደረሱኝ ጥያቄዎች በአብዛኛው ስለ ምርምር ስልት ናቸው። ረጃጅሞቹን አሳጥሬያቸዋለሁ፤ ስም አልጠቀስኩም።

ሒሳብ አይሆንልኝም፤ ኳሊቴቲቭ (በቁጥር ሳይሆን ሰው በማነጋገር የሚሠራውን) ልሥራና ልገላገል?

አትገላገልም። የአንድ ሰዓት ቃለ መጠይቅ ከቅጂ ወደ ወረቀት ለመገልበጥ አራት አምስት ሰዓት ይፈጃል፤ ከጀርባ ባጃጅ የሚያልፍ ከሆነ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ከዚያ ወደ እንግሊዝኛ መመለሱ አለ፣ ኮድ መስጠቱ (የተባለውን በየፈርጁ መሰየሙ) አለ፣ ጭብጥ ማውጣቱ አለ። ኤስፒኤስኤስ የሚባለውን የስታቲስቲክስ ፕሮግራም መማር ሳይቀልህ አይቀርም። ማወቅ የምትፈልገው “ስንት” እና “ምን ያህል” ከሆነ ቁጥር ነው፤ “እንዴት” እና “ለምን” ከሆነ ሰው ማነጋገር ነው። የምታጠናውን ነገር ግን በደብዳቤህ ውስጥ አንድ ቦታ እንኳ አልጻፍከውም።

የማጠናው መሥሪያ ቤት 60 ሠራተኞች አሉት። በያማኔ ቀመር (የናሙና ብዛት ማስያ) ስንቱን ልውሰድ?

በ5 በመቶ የስህተት ወሰን 52 ይሰጥሻል። ስምንት ሰው ለመተው ይህን ያህል ስሌት? ስልሳውንም ጠይቂ። ለአሥራ ሁለት ሽማግሌዎች ቃለ መጠይቅ ያማኔን ልጠቀም ወይ ላልከው ደግሞ፦ አትጠቀም። እዚያ የሰዉን ብዛት የሚወስነው አዲስ ነገር መስማት ያቆምክበት ጊዜ ነው።

ለስሌቱ ኤስፒኤስኤስ ይሻላል ወይስ ስታታ?

አማካሪህ የሚችለው።

አንዲት አዋላጅ ነርስ ደግሞ እንዲህ ይላሉ፦ እናቶች ለእርግዝና ክትትል ይመጣሉ፣ ምጡ ሲመጣ ግን ቤታቸው ይወልዳሉ። ምክንያቱን ላጥና ብል አማካሪዬ “ከ‘በጣም እስማማለሁ’ እስከ ‘በጣም አልስማማም’ የሚል መጠይቅ ከሌለው ጥናት አይባልም” አሉኝ።

አማካሪዎን ላስቀይም ነው። ቁጥር የማይተካ ሥራ አለው። በአገራችን በጤና ተቋም የሚወለደው እ.ኤ.አ. በ2011 10 በመቶ፣ በ2016 ደግሞ 26 በመቶ እንደነበር ያወቅነው በሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ነው፤ ማንም ሰው ቤት ለቤት ቡና እየጠጣ ይህን ሊያውቅ አይችልም። ነገር ግን በዚያው በ2011 ጥናት፣ በተቋም ያልወለዱት ለምን እንደሆነ ሲጠየቁ 61 በመቶው “አያስፈልግም”፣ 30 በመቶው “አልተለመደም” የሚለውን መለሱ። “አያስፈልግም” ያለችው እናት ምን ማለቷ ነው?

ቁጭ ብለው ያዳመጡ ተመራማሪዎች ሌላ ነገር ሰሙ። በወንድ ባለሙያ ፊት መገለጥ ያሳፍራል። አልጋ ላይ በጀርባ መተኛት ይከብዳል። “ማርያም ማርያም” የሚሉት እናትና ጎረቤት ከበር ይመለሳሉ። ከወሊድ በኋላ ገንፎ የለም፣ ቡና የለም። ዛሬ አንዳንድ ጤና ጣቢያዎች ገንፎ እንዲገነፋና ቡና እንዲፈላ መፍቀዳቸው ከዚህ ዓይነቱ ወሬ ጋር የተያያዘ ነው። መጠይቅ አዘጋጁ አስቀድሞ ያላሰበው ምርጫ ወረቀቱ ላይ አይኖርም፤ ገንፎን ደግሞ ቢሮ ተቀምጦ የሚያስብ የለም።

ስለዚህ መጀመሪያ ቤታቸው የወለዱ እናቶችን ያነጋግሩ፤ አማቶቻቸውንም አይርሱ፣ ብዙ ጊዜ ወሳኞቹ እነሱ ናቸውና። ከዚያ መጠይቁን በእናቶቹ በራሳቸው አነጋገር ያዘጋጁ፤ አማካሪዎም ቁጥራቸውን ያገኛሉ። አንድ ነገር ግን፦ ጋዋን ለብሰው እርስዎ አይጠይቁ። እናቶቹ ያውቁዎታል፤ የሚነግሩዎት እርስዎን የሚያስደስተውን ነው። ሌላ ሰው፣ ቤታቸው ሄዶ ይጠይቅ። ለናሙናው የስታቲስቲክስ ባለሙያ ቢያማክሩ አይከፋም።

የመመረቂያ ጽሑፌን ጽፎ የሚሰጠኝ ሰው ታውቃለህ? ዋጋ እንስማማለን።

አላውቅም፤ ባውቅም አልነግርህም።

ከዓረብ አገር ለተመለሱ 200 ሴቶች መጠይቅ ልበትን ነው። “ተደፍረሽ ታውቂያለሽ? አዎ/አይ” የሚል ጥያቄ አለው። ወይስ ቃለ መጠይቅ ይሻላል?

እህቴ፣ ስልቱን ለጊዜው ተይው። “አዎ” ብላ ማልቀስ ለጀመረችው ሴት ምን ልታደርጊላት ነው? ወረቀቱን ባሏ ወይም ወንድሟ ቢያገኘውስ? ይህን ርዕስ በቁጥርም በቃልም የሚያጠኑ አሉ፤ ግን ጠያቂዎቹ ሠልጥነው፣ የሥነ ልቦና አማካሪ ተዘጋጅቶ፣ ብቻዋን በምትሆንበት ቦታ ነው የሚጠይቁት። ይህን ለወጉ ያህል የምለው እንዳይመስልሽ፦ ነገ ጠዋት የዩኒቨርሲቲሽን የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴ አግኚ፣ የሚያማክር ባለሙያም ከወዲሁ ፈልጊ። የኮሚቴው ፈቃድ በጽሑፍ እጅሽ ሳይገባ አንዲትም ሴት እንዳትጠይቂ።