ዱለስን ቻይና ያስገባችው ምልክት

አንድ አንባቢ እንዲህ ብሎ ጽፏል፦ «ኤክሴል ላይ ከኬክሮስና ከኬንትሮስ ርቀት እንዲያሰላ የሠራሁት ሰንጠረዥ ከቦሌ እስከ ዋሽንግተን ዱለስ 5,085 ኪሎ ሜትር ይለኛል። ጓደኛዬ በ2.27 አባዝቶ አስተካከለልኝ። አሁን ደግሞ የፍራንክፈርት ርቀት ተበላሸ። እናቴ ከዱለስ ወደ ዳላስ ስለምትቀጥል የበረራውን ሰዓት ማወቅ እፈልጋለሁ።»

ወንድሜ፣ 5,085 የምትለዋን ሳይ ወዲያው ጠረጠርኩ። ዲግሪውን ወደ ራዲያን (ኤክሴል ማዕዘን የሚያሰላበት መለኪያ) ሳትቀይር ቀርተህ ቢሆን ፍራንክፈርትም መጀመሪያውኑ አይመጣልህም ነበር። የዱለስን ኬንትሮስ (የምሥራቅና የምዕራብ መለኪያውን) እይ። 77.46 ብለህ ጽፈሃል አይደል? ቦታው ምዕራብ ነው፤ -77.46 መሆን አለበት። ያለ መቀነስ ምልክቷ ዱለስ ምዕራብ ቻይና፣ ካሽጋር አካባቢ ትገባለች። ምልክቷን ጨምርና 11,560 ገደማ ይመጣልሃል።

ያንን 2.27 ግን ዛሬውኑ አጥፋው። እንዲህ ያለ ጥገና በጣም ያናድደኛል። አንዱን መስመር ለማስመሰል ሌላውን ሁሉ ያበላሻል። 5,350 ገደማ የነበረችውን ፍራንክፈርት ከ12,000 በላይ አደረጋት! በነፃ የሚገለበጡ የኤርፖርት ዝርዝሮችንም ሳታጣራ አትመን። የቦሌን 8 ዲግሪ ከ58 ደቂቃ «8.58» ብለው የሚጽፉ አሉ። 58ን ለ60 ስለምታካፍል ትክክሉ 8.97 ገደማ ነው።

ለሰዓቱ፣ ርቀቱን ለ880 አካፍልና ለመነሻና ለማረፊያ ግማሽ ሰዓት ጨምር። 13 ሰዓት ተኩል ገደማ ይሆናል። ይህ ግምት ነው። በግምት የማገናኛ በረራ እንዳትቆርጥ።

ሰንጠረዥህ የማያውቀው ትልቅ ነገር ደግሞ አለ። ቦሌ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። እዚያ አየሩ ስስ ነው። ሞተሩ የሚስበው አየር ስለሚያንስ ጉልበቱ ይቀንሳል። ክንፉም ያንኑ ክብደት ለማንሳት የበለጠ ፍጥነት ይፈልጋል። ፍጥነት ለመሰብሰብ ደግሞ ረጅም መንደርደሪያ ያስፈልጋል፤ መንደርደሪያው ማለቂያ አለው፣ ጎማውም የፍጥነት ገደብ አለው። ቀኑ ሲሞቅ አየሩ ይበልጥ ይሳሳል። ስለዚህ አውሮፕላኑ ቀለል ብሎ መነሳት አለበት። ወይ ጭነት ይቀነሳል ወይ ነዳጅ። ነዳጅ ከተቀነሰ መንገድ ላይ አርፎ መቅዳት ግድ ነው። ዱለስ ግን 100 ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ሙሉ ነዳጅ ይዞ ይነሳና በቀጥታ ቦሌ ይገባል። ከምዕራብ የሚነፍሰው ነፋስም ሲመጣ ይገፋዋል፣ ሲሄድ ይጋፋዋል። ርቀቱ ያው ነው፣ ሰዓቱ ግን ለየቅል።

ትኬት ላይ ያለው ሰዓት የየአገሩ ነው። ከመጋቢት መጀመሪያ እስከ ጥቅምት ማብቂያ ገደማ አዲስ አበባ ዋሽንግተንን በ7 ሰዓት ትቀድማለች፤ በሌላው ጊዜ በ8።

ደግሜ ልንገርህ፤ ከሰንጠረዥህ ተነስተህ የማገናኛ በረራ አትቁረጥ። እናትህ ዱለስ ላይ ኢሚግሬሽን ታልፋለች፣ ሻንጣዋን ትረከባለች፣ መልሳ ታስረክባለች። ሰልፉ ረጅም ሊሆን ይችላል። እስከ ዳላስ በአንድ ትኬት ቁረጥላት። የመጀመሪያው በረራ ዘግይቶ ሁለተኛው ቢያመልጣት፣ ሌላ በረራ የሚፈልግላት አየር መንገዱ ነው።