በሳክስ ምስል ላይ የሚታዩት ሰረዞች ከየት መጡ?

ጥያቄ፦ ዚንክና ማግኒዚየም ያለበትን ቅይጥ አሉሚኒየም በ120 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ24 ሰዓት ካቆየሁ በኋላ፣ በውስጡ የተፈጠሩትን ጥቃቅን ቅንጣቶች በሳክስ ማለትም በአነስተኛ ማዕዘን የኤክስሬይ ብተና ለመለካት ሞከርኩ። መሣሪያው የመዳብ ቱቦ አለው። በ1 ሚሊሜትር ናሙና ምንም አልታየም፤ ሳሳሳው ደግሞ በምስሉ መሃል ዙሪያ ደማቅ ሰረዞች መጡ። ከዚህ ላይ የቅንጣቶቹን መጠን ማውጣት እችላለሁ?

መልስ፦ አሁን ካለው ምስል አይችሉም። ናሙናውን አስተካክለው ደግመው ከለኩ ግን ይችላሉ።

የመዳብ ቱቦ ጨረር 8 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ያህል ጉልበት ስላለው፣ 1 ሚሊሜትር አሉሚኒየም አልፎ የሚወጣው ከሚሊዮን አንድ እጅ ገደማ ብቻ ነው። ተስማሚው ውፍረት ከጨረሩ 37 በመቶ ያህሉ የሚያልፍበት ነው፤ ለአሉሚኒየም ወደ 75 ማይክሮሜትር ይሆናል። ሲያሳሱ በብርጭቆ ወረቀት፣ ውሃ እያፈሰሱ፣ ከሁለቱም ገጽ ይፈግፍጉ። ናሙናው ከጋለ ሊለኩት የፈለጉት ቅንጣት ራሱ ይለወጣል።

ሰረዞቹን በተመለከተ ሦስት ምንጮችን ይጠርጥሩ። መጀመሪያ ናሙናውን በጨረሩ ዙሪያ ያዙሩት፤ ሰረዙ አብሮ ካልዞረ የመጣው ከመሣሪያው ቀዳዳ ጠርዝ ነው። አብሮ ከዞረ ናሙናውን ትንሽ ወደ ጎን ይግፉት፣ ከዚያም አንድ ዲግሪ ያህል ያዘንብሉት። አቅጣጫው ሳይለወጥ ከቆየ በፍግፈጋ የቀረ ጭረት ነው፤ ሰረዙም ከጭረቱ ጋር ቀጥ ባለ ማዕዘን ይቆማል። መድኃኒቱ በ1 ማይክሮሜትር የአልማዝ ቅባት ማለስለስ ነው። ከቦታ ቦታ ከተለዋወጠ ወይም በማዘንበሉ ድንገት ከጠፋ ግን፣ በአንዱ ክሪስታል የተንጸባረቀ ጨረር በአጠገቡ ባለው ክሪስታል ዳግም ተንጸባርቆ ነው። ይህ ክሪስታሎቹ ትልልቅ በሆኑበት ናሙና ይበዛል፤ ማለስለስም አያጠፋውም። ብዙ ቦታ ለክተው፣ ሰረዝ ያለበትን ክፍል ሸፍነው፣ የቀረውን አማካይ ይውሰዱ።

ከናሙናው ልኬት ላይ እንደ መነሻ የሚቀነሰው የባዶ አየር ልኬት አይደለም፤ ቅንጣቶቹ በሙቀት ሟሙተው ወዲያው ውሃ ውስጥ የቀዘቀዘ ያው ቅይጥ ልኬት ነው። ሁለቱንም ልኬቶች ለየራሳቸው ውፍረትና ላሳለፉት የጨረር መጠን ያካፍሉ። የቀዘቀዘው ናሙና በክፍል ሙቀት የአተሞች ስብስብ መፍጠር ስለሚጀምር ሳያሳድሩ ይለኩት።

ከዚያ የተበተነውን ጨረር ጥንካሬ ሎጋሪዝም በኪው፣ ማለትም የብተናውን ማዕዘን በሚገልጸው መጠን፣ ካሬ አንጻር ይሳሉ። የቀጥታው መስመር ቁልቁለት የጊኒየ ራዲየስ፣ ማለትም ከብተናው የሚገኘው የቅንጣት መጠን መለኪያ፣ ካሬ ሲሶ ነው። የተጠቀሙበት ትልቁ ኪው በራዲየሱ ሲባዛ ከ1.3 ከበለጠ ክልሉን ያሳጥሩ። ለክብ ቅንጣት ውጤቱ በ1.29 ይባዛል፤ በእርስዎ ቅይጥ ያሉት ግን አብዛኞቹ ስስ ዲስኮች ስለሆኑ፣ የጊኒየን ራዲየስ እንዳለ መጻፉ ይሻላል። ትልልቆቹ ቅንጣቶች ልኬቱን ወደ ራሳቸው በኃይል ስለሚስቡ ቁጥሩን እንደ ተራ አማካይ አይውሰዱት።