ጠጅ የሚገዛው በኅዳር ነው

ልጆቼ፣

ሠላሳ አንድ ዓመት ባንክ ቤት፣ ብድር ክፍል ሠርቼ ጡረታ ወጥቻለሁ። ስንቱን ብድር እንደፈረምኩ ረስቼዋለሁ። አንድ ያልፈረምኩት ግን እስካሁን ይከነክነኛል።

ሰፈሩ ሁሉ «እትዬ» የሚላቸው ጠጅ ጣይ ነበሩ። አንድ ኅዳር ቢሮዬ መጡ። ማር መግዣ ብድር ፈልገው ነው። «መያዣ አለዎት?» አልኳቸው። የሚኖሩት የቀበሌ ቤት ነው፤ የቀበሌ ቤት ደግሞ በስማቸው ካርታ የለውም። አዝናለሁ ብዬ ሸኘኋቸው። ማታ ቤታቸው ሄጄ ብርሌዬን ጨበጥኩ። በዱቤ።

ያኔ ያልገባኝን ልንገራችሁ። ጠጅ ጣይን የሚጥለው ብዙ ጊዜ የጠጪ መጥፋት አይደለም፤ ማሩ ነው። በብዙ ቦታ ዋናው የማር ቆረጣ ክረምቱ አልፎ፣ አደይ አበባው ሲረግፍ፣ በጥቅምትና በኅዳር ነው። ማር የሚረክሰውም ያኔ ነው። እጁ ላይ ገንዘብ ያለው የዓመቱን ይገዛል። የሌለው በኪሎ በኪሎ እየገዛ ክረምቱ ይመጣበታል፤ ዋጋው ደግሞ ጣሪያ ነክቶ ይጠብቀዋል።

ደህና ጠጅ አንድ እጅ ማር ለሦስት፣ ቢበዛ ለአራት እጅ ውሃ ይበረዛል። ጋኑ በወይራ ይታጠናል፣ እንጨት ጌሾው ይገባል፣ ከዚያ ሁለት ሦስት ሳምንት መጠበቅ ነው። ማሩ ሲወደድ ውሃው አምስት እጅ ይሆናል። ቀጥሎ ስኳር ይገባል። ቀጥሎ ስኳሩን የሚሸፍን ቢጫ ቀለም። እናንተ ቀምሳችሁ «ሌቦች!» ትላላችሁ። ሌባም አለ፣ አልክድም። ብዙዎቹ ግን ነሐሴ ላይ ማር መግዣ ያጡ ሰዎች ናቸው።

2012 ዓ.ም. ይህን ሁሉ አፍረጥርጦ አሳየን። ወሩ መጋቢት ነው፤ ሁዳዴ ጾም። ጠጅ ጣዮች ለፋሲካና ከፋሲካ በኋላ ላሉት ሠርጎች ጥለው ጨርሰዋል። ኮሮና ገባ። አዲስ አበባ ውስጥ መጠጥ ቤት ተዘጋ፤ በወሩ መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ። በአራት ሰው የሚደገስ ሠርግ ደግሞ የለም። ቢራ ፋብሪካ ጠርሙሱን አሽጎ ቀን መጠበቅ ይችላል። ጠጅ ግን ጋን ውስጥ ሆኖም መሥራቱን አያቆምም፤ ይኮመጥጣል። የእትዬ ሁለት ጋን ቱቦ ውስጥ ፈሰሰ።

ያ አልበቃ ብሎ ባለሠርጎቹ ቀብዳችን ይመለስ አሉ። መብታቸው ነው። አንድ ቤተሰብ ብቻ «እርስዎ ጋ ይቀመጥ፣ ልጃችን ሲያገባ ይጥሉልናል» አለ። እትዬ በሚቀጥለው ኅዳር ማር የገዙት በዚያ ገንዘብ ነው። እኔስ? የቆየ ዱቤዬን ከፈልኩ። እንደ ትልቅ ውለታም ቆጠርኩት። ለካ የከፈልኩት የራሳቸውን ገንዘብ ነበር።

ስለዚህ ጥር ላይ ሠርግ ካላችሁ ቀብዱን በኅዳር ስጡ፤ ከቻላችሁ ሙሉውን። ዕቁብ የምትጥሉ ጓደኛሞች ደግሞ አንዱን ዙር ለምታምኗት ጠጅ ጣይ ብታስቀድሙና ዓመቱን ሙሉ በጠጅ ብትቀበሉስ? ዋጋ ላይ አትከራከሩ። ጎረቤት ነኝ ብላችሁ ቅናሽ አትጠይቁ፤ ጎረቤት ሁሉ ቅናሽ ከጠየቀ ማን ይግዛቸው? የወሰዳችሁትን ጀሪካን አጥባችሁ መልሱ። ጠጁ ከተበላሸ ቲክቶክ ላይ ከመለጠፋችሁ በፊት ሄዳችሁ ንገሯቸው። አልኮል የማትጠጡ ወይም ገና 21 ዓመት ያልሞላችሁ ሳይፈላ የሚጠጣ ብርዝ እዘዙ። የሚገዛው ያው ማር ነው።

ባንክ ቤት የምትሠሩ ካላችሁ ደግሞ ምክንያታችሁ ከእኔ ያነሰ ነው። ተንቀሳቃሽ ንብረት በዋስትና እንዲያዝ የሚፈቅድ አዋጅ በ2011 ዓ.ም. ወጥቷል። ማር ደግሞ በደንብ ከተቀመጠ ለዓመታት የማይበላሽ ንብረት ነው። «ካርታ አምጪ» ከማለታችሁ በፊት ጓዳ ገብታችሁ በርሜሉን እዩ።

እትዬ አሁን አርጅተዋል። ጋኑን የያዘችው ልጃቸው ናት። ባለፈው ኅዳር የዓመት ቀብዴን ይዤ ሄድኩ። ሁለቴ ቆጠረችው። ከዚያ የእናቷን የዱቤ ደብተር ከመደርደሪያ አውጥታ የእኔን ገጽ አሳየችኝ፤ ዳር እስከ ዳር ተሰርዟል። «ጋሼ፣ ዘንድሮ ደግሞ ባለዕዳዋ እኔ ነኝ» ብላ ሳቀች።